የሻሁ አራት መርከቦች

በጁን 1970 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሠላሳ ዲስትሮየሮችን በአንድ ውል ለአንድ ኩባንያ ሰጠ። (ዘመኑን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንሄድበታለን።) ዲስትሮየር ፈጣንና መካከለኛ ግዝፈት ያለው የጦር መርከብ ሲሆን ሥራው ትልልቆቹን መርከቦች ከሰርጓጅ፣ ከአውሮፕላንና ከሌሎች መርከቦች ጥቃት መጠበቅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጥድፊያ የተሠሩት የአሜሪካ ዲስትሮየሮች በዚያ ወቅት አርጅተው ነበር። ተተኪዎቹን የመገንባት ሥራ የተሰጠው ሊተን ለተባለው ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው በሚሲሲፒ ግዛት፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በምትገኘው በፓስካጉላ ከተማ አዲስ የመርከብ ግንባታ ጣቢያ አቋቋመ። ከዚህ ውል የተወለዱት መርከቦች ስፕሩዋንስ ተባሉ።

ውሉ ለአንድ ቤት መሰጠቱ ትልቅ ምክንያት ነበረው። ቀድሞ አንድ ዓይነት የሚባሉ መርከቦች በተለያዩ ጣቢያዎች ስለሚሠሩ፣ የአንዱ ፓምፕ ለሌላው አይሆንም፤ የዚህኛው ቫልቭ ለዚያኛው አይገጥምም። መርከብ በተጨመረ ቁጥር በባሕር ኃይሉ መጋዘኖች ውስጥ የሚቀመጠው የመለዋወጫ ዓይነት ይበዛል፣ ዋጋውም ይንራል። ሠላሳው መርከብ አንድ ንድፍ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ቢኖረው ግን በምሥራቅ ጠረፍ ካለው ከኖርፎክ የወጣ ዕቃ በምዕራብ ጠረፍ ሳን ዲዬጎ ላለው መርከብ ያለ ጭንቅ ይገጠማል። እኔ ይህን ውሳኔ ከመርከቦቹ ፍጥነትና ትጥቅ በላይ አስበልጬ አየዋለሁ፤ ቀጥሎ የሆነው ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና።

ሁለተኛው ትልቅ ውሳኔ ሞተሩ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ትልልቅ የአሜሪካ የጦር መርከቦች በእንፋሎት ወይም በኑክሌር ኃይል ይሄዱ ነበር። ስፕሩዋንስ ግን ኤል ኤም 2500 የተባሉ አራት የጋዝ ተርባይኖች ተገጠሙላት። ይህ ሞተር መነሻው አውሮፕላን ነው፤ ጀነራል ኤሌክትሪክ ሲ-5 ጋላክሲ ለተባለው ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ከሠራው ሞተር የተወለደ ነው። አራቱ በአንድነት 80 ሺህ የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ፤ መርከቧን በሰዓት ከ30 የባሕር ማይል በላይ ያስኬዷታል። መብራቷን የሚሰጡት ጄኔሬተሮችም ተርባይኖች ናቸው። የእነሱ ዘመድ የሆነውን ሞተር የእኛ አገር ሰው በሚገባ ያውቀዋል፤ በ1984 እና በ1985 በድርቁ ጊዜ እህል ጭነው በሰሜን ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ይመላለሱ የነበሩትን ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ያበረረው አሊሰን የተባለው ኩባንያ የሠራው የዚያው ቤተሰብ ሞተር ነው።

በእንፋሎት መርከብ ላይ ቦይለር ሲበላሽ ሠራተኛው እዚያው ሙቀትና ጥላሸት ውስጥ ገብቶ ቱቦ በቱቦ ይጠግነዋል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ የመርከቧ ብረት ተቆርጦ እስከ መከፈት ይደርሳል፤ መርከቧም ለወራት ትቆማለች። ተርባይኑ ግን ሙቀትና ድምፅ በሚያፍን ትልቅ ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከሣጥኑ በላይ አየር የሚስብበት ሰፊ ቱቦ አለ፤ ቱቦው ሽቅብ እስከ መርከቧ ላይኛ ክፍል ይዘልቃል። ሞተሩ ሲበላሽ መካኒኮቹ የነዳጁን፣ የዘይቱንና የኤሌክትሪኩን መስመር ይፈታሉ። በአየር ቱቦው ውስጥ ሐዲድ ይገጥማሉ። ሞተሩን በሐዲዱ ላይ አስይዘው በክሬን ሽቅብ ይስቡታል፤ አዲሱ ሞተር በዚያው መንገድ ይወርዳል። የተነቀለው ወደ ዋናው ጥገና ቦታ ይላካል፣ መርከቧም በቀናት ውስጥ ወደ ባሕር ትመለሳለች። ንድፍ አውጪዎቹ መርከቧን ሲስሉ የአየር ቱቦውን ስፋት የወሰኑት ለአየር ብቻ ሳይሆን ለመለዋወጫውም መተላለፊያ እንዲሆን አስበው ነው።

ስፕሩዋንሶች ከ1975 ጀምሮ አገልግሎት መስጠት ሲጀምሩ ነቀፌታ ወረደባቸው። ግዙፍ ናቸው፣ የታጠቁት ግን ጥቂት ነው ተባለ። ነቃፊዎቹ ያዩት ባዶ ቦታ ግን ሆን ተብሎ የተተወ ነበር። ወደፊት ለሚመጣ ራዳር፣ ለሚመጣ ሚሳይል የሚሆን ስፋትና ክብደት ከመጀመሪያው ተቆጥሮ ተይዞላቸዋል። ይህ ቦታ የተሞላባትን መርከብ ቀድመው ያዘዙት ግን የአሜሪካ ሹማምንት ሳይሆኑ የኢራኑ ንጉሠ ነገሥት ሻህ መሐመድ ሬዛ ፓህላቪ ነበሩ።

እንግሊዝ በ1971 መጨረሻ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጦሯን ስታስወጣ ሻሁ የአካባቢው ዘብ ለመሆን ተነሡ። በሜይ 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቴህራን ድረስ ሄደው ኢራን የፈለገችውን መደበኛ መሣሪያ እንድትገዛ በሩን ከፈቱላቸው። በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ በአራት እጥፍ ሲያሻቅብ ገንዘቡም ሞላ። ሻሁ የኤፍ-14 ተዋጊ አውሮፕላኖችን ገዙ፤ ለባሕር ኃይላቸውም በስፕሩዋንስ ንድፍ የተመሠረቱ ስድስት ዲስትሮየሮችን አዘዙ። ኋላ ላይ ሁለቱ ተሰርዘው አራት ቀሩ። ስማቸውም ኩሩሽ፣ ዳርዩሽ፣ ናደርና አኑሺርቫን እንዲሆን ተወሰነ፤ ሁሉም በተለያየ ዘመን የነገሡ የፋርስ ነገሥታት ናቸው።

የሻሁ መርከቦች ከአሜሪካዎቹ እህቶቻቸው በሁለት ነገር ይለዩ ነበር። አንደኛው ለአየሩ የተደረገ ነው። ባሕረ ሰላጤው በበጋ እንደ ምድጃ ይግላል፣ ከበረሃው የሚነሣው ደቃቅ አቧራም ተርባይንን ይበላል። ስለዚህ የበለጠ ኃይል ያለው ማቀዝቀዣና የተሻለ የአየር ማጣሪያ ተገጠመላቸው።

ሁለተኛው ትጥቁ ነው። ከፊትና ከኋላ ማርክ 26 የተባለ ባለ ሁለት ክንድ ማስወንጨፊያ ተተከለላቸው። ይህ መሣሪያ አሠራሩ ያስደንቃል። ሚሳይሎቹ ከመርከቧ ወለል በታች ቀጥ ብለው ቆመው፣ ማለቂያ በሌለው ሰንሰለት ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። የተፈለገው ዓይነት ሚሳይል በሰንሰለቱ እየተዘዋወረ መውጫው ሥር ይደርሳል፤ ክዳኑ ይከፈታል፤ ሚሳይሉ ሽቅብ ተገፍቶ ክንዱ ላይ ይሰካል፤ ክንዱ ወደ ዒላማው ይዞራል፤ ከዚያ ይተኮሳል። ይህ ሁሉ ያለ ሰው እጅ፣ በሃይድሮሊክና በኤሌክትሪክ ኃይል በጥቂት ሴኮንዶች ይከናወናል። ሁለቱ ማስወንጨፊያዎች በአንድነት 68 ሚሳይል ይይዛሉ፤ ፀረ አውሮፕላንም ፀረ ሰርጓጅም። በዚህ ትጥቅ የሻሁ መርከቦች የአሜሪካ ባሕር ኃይል ራሱ ከነበሩት ዲስትሮየሮች ሁሉ የበረቱ ሊሆኑ ነበር። ሆኖም ሰንሰለቱ፣ ማንሻው፣ ክዳኑ፣ የሃይድሮሊክ ጎማው ሁሉ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ያልቃል። ይህን ለኋላ እንያዘው።

የኩሩሽ መሠረት በጁን 1978 ፓስካጉላ ላይ ተጣለ፤ የዳርዩሽ በኦክቶበር። በእነዚያው ወራት የኢራን ከተሞች በሰልፍ ተጥለቅልቀዋል። በጃንዋሪ 16 ቀን 1979 ሻሁ አገር ለቀው ወጡ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ ሊወድቅ ቀናት የቀሩት የጠቅላይ ሚኒስትር ባኽቲያር መንግሥት ብዙዎቹን የጦር መሣሪያ ግዢዎች የሚሰርዝ ስምምነት ከአሜሪካ ጋር ፈረመ። በፌብሩዋሪ 11 አሮጌው ሥርዓት አከተመ። በማግስቱ፣ በፌብሩዋሪ 12፣ ፓስካጉላ ላይ የናደር መሠረት ተጣለ። ብየዳው አልቆመም፤ ሠራተኛው በሰዓቱ ገባ፣ ቴህራን ውስጥ የሚረከባት መንግሥት የሌላትን መርከብ መሥራቱን ቀጠለ። በሜይ የአራተኛዋ መሠረት ተከተለ።

በጁላይ 25 ቀን 1979 የአሜሪካ ባሕር ኃይል አራቱንም ወሰዳቸው። የነገሥታቱ ስም ተፍቆ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በውጊያ ላይ የወደቁ አራት አድሚራሎች ስም ተሰጣቸው፦ ኪድ፣ ካላሃን፣ ስኮትና ቻንድለር። ኪድ በፐርል ሃርበር አሪዞና በተባለችው መርከብ ላይ የሞቱ ናቸው፤ ካላሃንና ስኮት በኖቬምበር 13 ቀን 1942 በአንድ ሌሊት ጓዳልካናል አጠገብ ወደቁ፤ ቻንድለር በ1945 መጀመሪያ ፊሊፒንስ ላይ። መርከቦቹ በ1981 እና በ1982 አገልግሎት ጀመሩ። መርከበኞቹ ግን ኢራን ውስጥ ሥልጣን በያዙት የሃይማኖት መሪዎች ማዕረግ «የአያቶላ መርከቦች» ብለው ይጠሯቸው ነበር። ማቀዝቀዣቸው ስለሚስማማቸውም ወደ ሞቃት ባሕር ለመላክ ተመራጭ ሆኑ።

ኢራን እጅ የቀሩት ሦስት አሮጌ ዲስትሮየሮች ናቸው። ሁለቱ ከአሜሪካ፣ አንዱ ከእንግሊዝ የመጡ፣ በሁለተኛው ጦርነት ማብቂያ አካባቢ የተሠሩ፤ ኋላ ላይ ስታንዳርድ የተባለ የአሜሪካ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል የተገጠመላቸው። በኖቬምበር 1979 ተማሪዎች የአሜሪካን ኤምባሲ ሲይዙ ፕሬዚዳንት ካርተር የወታደራዊ መለዋወጫ ጭነት እንዲቆም አዘዙ። ከዓመት በታች ውስጥ፣ በሴፕቴምበር 1980፣ ኢራቅ ኢራንን ወረረች። ከዚያ በኋላ ያለው የኢራን ጦር ታሪክ በብዙው የመለዋወጫ ፍለጋ ታሪክ ነው። የአንዱን ዕቃ እየፈቱ ለሌላው መግጠም፣ በሦስተኛ ወገን በኩል መግዛት፣ ያልተገኘውን በአገር ውስጥ ቀጥቅጦ መሥራት የዕለት ሥራ ሆነ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ ከተፈታ መኪና ዕቃ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ በአገር ደረጃ፣ በጦርነት መሐል ሲሆን ምን እንደሚመስል ሊገምት ይችላል።

ይህ ጥማት አሜሪካን ራሷን ወደ ቅሌት ጎተተ። በሜይ 1986 የፕሬዚዳንት ሬገን የቀድሞ የጸጥታ አማካሪ ሮበርት ማክፋርሌን በሐሰተኛ ፓስፖርት ቴህራን አረፉ። ሊባኖስ ውስጥ የታገቱ አሜሪካውያንን ለማስፈታት በድብቅ የመጡት እኚህ ሰው በአውሮፕላናቸው የጫኑት ለእጅ መንሻ የሚሆን ኬክና የሃውክ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል መለዋወጫ ነበር። የቀረው መለዋወጫ እስራኤል ውስጥ ታጋቾቹ እስኪለቀቁ እንዲቆይ ተደረገ። ድርድሩ ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ምሥጢሩ ወጥቶ የኢራን-ኮንትራ ቅሌት ተባለ። የኃያል አገር ሹም ባሕር አቋርጦ ለድርድር ሲሄድ ይዞት የሚሄደው የመለዋወጫ ሣጥን መሆኑ የዕቃውን ክብደት ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስረዳል።

ጦርነቱ በባሕረ ሰላጤው ላይ ወዳሉት ነዳጅ ጫኞች ሲዛመት፣ በ1987 ኩዌት ነዳጅ ጫኝ መርከቦቿን በአሜሪካ ባንዲራ ሥር አስመዘገበች፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይልም ማጀብ ጀመረ። በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ብሪጅተን የተባለችውን ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ ካጀቡት መርከቦች አንዷ ኪድ ነበረች፤ የቀድሞዋ ኩሩሽ። በጁላይ 24 ብሪጅተን ፋርሲ ደሴት አጠገብ የኢራን ፈንጂ ረገጠች። እሷ በግዝፈቷ ጉዳቱን ችላ ጉዞዋን ቀጠለች፤ አጃቢዎቹ የጦር መርከቦች ግን ቀፏቸው ስስ ነውና ሌላ ፈንጂ እንዳይመታቸው ከኋላዋ ተሰልፈው ተከተሏት። በኦክቶበር 19 ደግሞ ኪድ ከሌሎች ሦስት ዲስትሮየሮች ጋር ሆና የኢራንን የባሕር ላይ የነዳጅ መድረኮች በመድፍ ደበደበች። ኢራን ራሷ ያዘዘቻት፣ ለባሕረ ሰላጤው ሙቀት ተብሎ ማቀዝቀዣዋ የተጠናከረ መርከብ በዚያው ባሕረ ሰላጤ ኢራንን ወጋች።

የስፕሩዋንስ ንድፍ በዚያን ጊዜ ሌላም ልጅ ወልዶ ነበር። ያንኑ ቀፎና ሞተር ይዘው፣ ኤጂስ የተባለው አዲስ የራዳር ሥርዓት የተገጠመላቸው ቲኮንዴሮጋ ክሩዘሮች (ከዲስትሮየር ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው የጦር መርከቦች) ናቸው። በጁላይ 3 ቀን 1988 የኢራንን የመንገደኛ አውሮፕላን መትታ 290 ሰዎችን የጨረሰችው ቪንሴንስ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ማስወንጨፊያዋም ያው ማርክ 26 ነበር።

ስድስተኛዋ ቲኮንዴሮጋ ግን ማርክ 26 አልያዘችም። ከ1986 ጀምሮ ሚሳይሎች ከመርከቧ ወለል ጋር እኩል በሆኑ ቋሚ ሣጥኖች ውስጥ ተቀምጠው ካሉበት ቀጥታ ሽቅብ መተኮስ ጀመሩ። የሚዞር ክንድ የለም፤ ሰንሰለት የለም። የሚያልቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ መለዋወጫውም ጥቂት ነው፤ በዚያው ቦታ የሚያዘው ሚሳይልም ይበዛል። ከዚያች ዓመት ጀምሮ ማርክ 26 ዘመኑ ያለፈበት ዕቃ ሆነ። አራቱ የሻሁ መርከቦች በ1980ዎቹ መጨረሻ ራዳራቸውና ኮምፒውተራቸው ታድሶ አዲስ ዓይነት ስታንዳርድ ሚሳይል እንዲተኩሱ ቢደረግም ማስወንጨፊያቸው ያው ቀረ።

ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ባሕር ኃይሉ መርከብ መቀነስ ያዘ። አራት ብቻ የሆኑ፣ ከሌላው ጋር የማይመሳሰል ትጥቅ ያላቸው መርከቦች ለብቻቸው መለዋወጫና ሥልጠና ይፈልጋሉ። ሦስቱ በ1998፣ ቻንድለር በ1999 ተሰናበቱ። ገና ሁለት አሥርት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። አውስትራሊያ እንድትገዛቸው ተጠይቃ አልፈልግም አለች፤ ከአሜሪካ የገዛቻቸው ሌሎች አሮጌ መርከቦች ብዙ ጥገና አስፈልጓቸው ስለተቃጠለች ነበር። ግሪክም አልገዛችም።

በኤፕሪል 2001 ታይዋን ኤጂስ የታጠቁ አዳዲስ ዲስትሮየሮችን ጠየቀች። የፕሬዚዳንት ቡሽ መንግሥት ያንን አቆይቶ አራቱን አቀረበላት። የታይዋን ፖለቲከኞች ያገለገለ ዕቃ መግዛቱ ላይ ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ተቀበሉ። የታይዋን ባሕር ኃይል በአሮጌ መርከብ አይደነግጥም። በ1945 አካባቢ የተሠሩ የአሜሪካ ዲስትሮየሮችን ተቀብሎ፣ በራሱ መሐንዲሶች አዲስ ራዳርና ሚሳይል እየገጠመ፣ እስከ አዲሱ ምዕተ ዓመት መግቢያ ድረስ አሠርቷቸዋል። ተመሳሳይ ዕድሜ የነበራቸው የኢራን ዲስትሮየሮች መለዋወጫ አጥተው በ1990ዎቹ ከአገልግሎት ወጥተው ነበር። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት የመሐንዲሶች ችሎታ አይመስለኝም፤ ኢራናውያንም ብልሃተኞች ናቸው። አንደኛዋ ከሻጩ ጋር ታርቃ ኖረች፣ ሌላዋ ተጣላች።

መርከቦቹ በደቡብ ካሮላይና ቻርልስተን ውስጥ ታደሱ። ስማቸው ለሁለተኛ ጊዜ ተለወጠ፤ አሁን የታይዋን ወደቦች ስም ተሰጣቸው። ስኮት ኪሉንግ ሆነች፣ ካላሃን ሱአኦ፣ ኪድ ጾዪንግ፣ ቻንድለር ማኩንግ። ሁለቱ በዲሴምበር 2005፣ ሁለቱ በኖቬምበር 2006 የታይዋንን ባንዲራ ሰቀሉ። ወደ 10 ሺህ ቶን የሚጠጉት እነዚህ መርከቦች የባሕር ኃይሉ ትልልቅ ተዋጊዎች ሆኑ።

በዚያው በ2005 የመጨረሻዋ ስፕሩዋንስ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ተሰናበተች፤ ማርክ 26 የያዙት አምስቱ ክሩዘሮችም አብረው አለቁ። አሜሪካ አብዛኞቹን ስፕሩዋንሶች በተኩስ ልምምድ ባሕር ውስጥ አሰጠመቻቸው። ለታይዋን ይህ ከባድ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ማርክ 26ን የሚጠቀም ሌላ ባሕር ኃይል አልቀረም። ዕቃ ሲያልቅ የሚፈታ እህት መርከብ የለም፤ የሚሠራው ፋብሪካም መስመሩን ዘግቷል። 

ሞተሩ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ኤል ኤም 2500 እስከ ዛሬ ይመረታል፤ አዳዲሶቹ የአሜሪካ ዲስትሮየሮች በእሱ ይሄዳሉ፤ ካኦሲዩንግ በተባለችው የታይዋን ከተማ የተሠሩት ፍሪጌቶችም (ከዲስትሮየር ያነሱ የጦር መርከቦች) እንዲሁ። የፊቱና የኋላው ባለ 127 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ ፋላንክስ የተባለው ፈጣን መትረየስ፣ ሃርፑን ሚሳይሉ ሁሉም በሌሎች መርከቦች ላይ በብዛት ይገኛሉ። አንዷን መርከብ ከጫፍ ጫፍ ብትሄድባት ከ1970ዎቹ ንድፍ ውስጥ ትክክል የታሰበው የቱ እንደነበር መለዋወጫው ይነግርሃል። ከብዙዎች ጋር የተጋሩት ዕቃ ዛሬም አለ፤ ለጥቂቶች ብቻ የተሠራው አስታማሚ አጥቷል።

አሜሪካ በኤፍ-14 አውሮፕላኖቿ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አደረገች። በ2006 ከአገልግሎት ካስወጣቻቸው በኋላ አብዛኞቹን ቆራርጣ አስፈጨቻቸው፤ መለዋወጫቸው እንዳይሸጥም ኮንግረሱ ሕግ አወጣ። ምክንያቱ አንድ ነበር፤ ከአሜሪካ ሌላ ያንን አውሮፕላን የሚያበር አገር ኢራን ብቻ መሆኗ። ኢራን በበኩሏ በ2010 ጃማራን የተባለች፣ በራሷ ጣቢያ የሠራቻትን መርከብ ሥራ አስጀመረች። ንድፉ ሻሁ ከእንግሊዝ ከገዟቸው ትናንሽ ፍሪጌቶች የተቀዳ ሲሆን፣ የጫነችው ፀረ አውሮፕላን ሚሳይልም የአሜሪካው ስታንዳርድ ቅጂ ነው። ሠላሳ ዓመት ዕቃ እየፈቱ የገጠሙ እጆች በመጨረሻ ዕቃውን ራሱን መሥራት ተማሩ።

ኪሉንግና እህቶቿ ከፓስካጉላ ከወረዱ አርባ ዓመት አልፏቸው ዛሬም የታይዋንን ባሕር ይጠብቃሉ። በጁን 2022 የአሜሪካ መንግሥት ለታይዋን የጦር መርከቦች የሚሆን የመለዋወጫ ሽያጭ አጽድቋል፤ ግምቱ 120 ሚሊዮን ዶላር ነው።